ሞተር ብስክሌት ሲመረጥ ተፈናጣጯም ትጠየቅ

መስቀል፣ ገናና ፋሲካ በተቃረቡ ቁጥር በከተማችን በብዙ ቤቶች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይነሣል። «ዘንድሮስ አገር ቤት በምን እንሄዳለን?» የሚል ነው። የአውቶቡሱ ወረፋ ረጅም ነው፤ መኪና መግዛት ደግሞ የአብዛኛው ሠራተኛ አቅም የሚፈቅደው አይደለም። በመሆኑም ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀሙ ወይም ዕቁብ የደረሳቸው ባለትዳሮች ዓይናቸውን ወደ ሞተር ብስክሌት ቢያማትሩ የሚያስገርም አይሆንም።

በተለይ በጦር ኃይሎች አካባቢ ለሚኖር ሰው መንገዱ ራሱ «ና ውጣ» የሚል ይመስላል። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው ከአያት የሚመጣው የቀላል ባቡር ሐዲድ የሚያበቃው እዚሁ ነው። ከዚህ ወዲያ ያለው ጉዞ የጎማ ነው። በዘነበወርቅና በአየር ጤና በኩል የወጣ መንገደኛ ሰበታን አልፎ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ወሊሶ ይደርሳል፤ ከዚያም ወልቂጤን አልፎ፣ የግቤን በረሃ ተሻግሮ፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጅማን ያገኛል። በአስራ ስምንትና በዊንጌት በኩል የወጣ ደግሞ ቡራዩንና ሆለታን አልፎ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አምቦ ይገባል።

ጉዞው እንዲህ በካርታ ላይ ሲታይ ቀላል ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሞተር ብስክሌቱ በሚመረጥበት ጊዜ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ከፊት የሚቀመጠው ሰው ብቻ ነውና። ሞተሩ ስንት ሲሲ እንደሆነ፣ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ፣ ቀለሙና ድምፁ እንዴት እንደሆነ ሁሉ ይመረመራል። ከኋላ ተፈናጣ ሦስትና አራት ሰዓት ስለምትጓዘው ሚስት፣ እናት ወይም እህት ግን ጥያቄ የሚያነሣ እምብዛም አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህን ጥያቄ ማንሣት ነው።

የዕቁቡ ገንዘብ

በጦር ኃይሎች አካባቢ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት ዕቁብ ወጣላቸው። ባል የመጋዘን ሠራተኛ፣ ሚስት ልብስ ሰፊ ናቸው። የሚስት እናት የሚኖሩት ወሊሶ ነው። ዕድሜያቸው እየገፋ በመሄዱ ልጃቸው ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ልትጠይቃቸው ትፈልጋለች። ባል ይህንኑ ምክንያት በማድረግ አንድ ያገለገለ 600 ሲሲ ሞተር ብስክሌት አይቶ፣ በዋጋው ተስማምቶ፣ ቀብድ ሊከፍል ቀጠሮ ይዞ ነበር።

«ድምፁን ስሰማው ልቤ ቀለጠ» ይላል ባል። «ወሊሶ ለእሱ የአንድ ሰዓት መንገድ ናት ብዬ ለእሷም ነገርኳት።»

ሚስት ስለ ፍጥነቱ አልተከራከረችም። «ጥሩ ነው፤ እኔስ የምቀመጠው የት ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀች። ከዚያም ነጠላዋን አጣፍታ ሞተር ብስክሌቱ ወዳለበት ግቢ አብራው ሄደች። የኋላው መቀመጫ ለእሽቅድምድም የተሠራ፣ ጠባብና ወደ ፊት ያዘቀዘቀ ነበር። የእግር መርገጫውም ከፍ ያለ በመሆኑ ስትቀመጥ ጉልበቷ ደረቷን ሊነካ ደረሰ። የምትይዘውም እጀታ አልነበረውም።

«ከገበያ የተገዛች ዶሮ መሰልኩ» ትላለች እየሳቀች። «በዚያ አቀማመጥ እንኳን ወሊሶ አየር ጤናም አልደርስም። ገንዘቡን የቆጠብነው ሁለታችን ነን፤ መንገዱንም የምንሄደው ሁለታችን ነን አልኩት።»

አባባሏ ትክክል መሆኑን ሕጉም ያረጋግጥላታል። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት በትዳር ላይ እያሉ ከሥራቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል። ንብረቱ በአንደኛው ስም ብቻ ቢመዘገብም የግሉ መሆኑን ካላስረዳ በስተቀር የጋራ እንደሆነ ይቆጠራል። ስለዚህ ሊብሬው በባል ስም ቢወጣም ሞተር ብስክሌቱ የቤቱ ነው። የቤቱ የሆነ ነገር ደግሞ በቤቱ ምክር ሊመረጥ ይገባዋል።

በመጀመሪያ ሚዛን

ለረጅም ጉዞ ሞተር ብስክሌት የሚፈልጉ ባለትዳሮች ወደ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት ቤታቸው ተቀምጠው አንድ ሒሳብ መሥራት አለባቸው። ባል 70 ኪሎ፣ ሚስት 60 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። የራስ ቁር፣ ካፖርት፣ ጫማና የዝናብ ልብስ ሲጨመር 8 ኪሎ ያህል ይሆናል። ለእናት የሚወሰደው ስኳር፣ ቡናና ዘይት፣ የልብስ ቦርሳውም ጭምር 12 ኪሎ ቢሆን ጠቅላላው ጭነት 150 ኪሎ ደረሰ ማለት ነው።

በአገራችን መንገዶች ላይ በብዛት ከሚታዩት ከ125 እስከ 150 ሲሲ ሞተር ብስክሌቶች ብዙዎቹ ራሳቸው የሚመዝኑት 120 ኪሎ ገደማ ነው። እንግዲህ ልብ እንበል። ተሸካሚው ከተሸከመው ያነሰ ነው! እያንዳንዱ ሞተር ብስክሌት ሊሸከም የሚችለው ክብደት ልክ አለው፤ ይህም በመመሪያ መጽሐፉ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በትናንሾቹ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ130 እስከ 180 ኪሎ ባለው መካከል ነው። ሻጩ መጽሐፉን እንዲያሳይ መጠየቅ ነውር አይደለም። ከልኩ በላይ የጫኑት ሞተር ብስክሌት ዳገት ላይ ይለግማል፣ ቁልቁለት ላይ አልቆምም ይላል፣ ጠመዝማዛ ላይ ደግሞ ይዋልላል።

ከክብደቱ መጠን ያላነሰ ቁም ነገር ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ተፈናጣጯ የምትቀመጠው በኋላው ጎማ አናት ላይ ነው። ከእሷም ኋላ ከባድ ቦርሳ ከታሰረ የፊቱ ጎማ ይቀልላል፤ የፊቱ ጎማ ሲቀል ደግሞ መሪው አይታዘዝም። አህያ የሚጭን ገበሬ ጭነቱን በሁለቱም ጎን አስተካክሎ እንደሚጭን ሁሉ፣ ዕቃው በሁለት ጎን በሚንጠለጠል ቦርሳ ተከፍሎ፣ ዝቅ ብሎና ወደ መካከል ተጠግቶ መታሰር አለበት።

በዚህ ረገድ አንድ የቆየ ታሪክ ማንሣት ይጠቅማል። ቴሬዛ ዋላክና ፍሎረንስ ብሌንኪሮን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ሴቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በታኅሣሥ 1934 ከለንደን ተነሥተው የሰሐራን በረሃ በማቋረጥ በሐምሌ 1935 ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕታውን ከተማ ገብተዋል። የመረጡት ሞተር ብስክሌት ባለ አንድ ሲሊንደር 600 ሲሲ ፓንተር ነበር። ከጎኑ ባለ ጎማ መቀመጫ ተገጥሞለት፣ ከኋላውም ዕቃ የሚጭን ተጎታች ነበረው። ተጓዦቹ አስቀድመው ያሰቡት ለጭነቱና ለሁለተኛዋ ሰው መቀመጫ ነበር ማለት ነው።

ከፍታውና ዳገቱ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተር የሚተነፍሰው አየር ያንሰዋል። በግምት በየ300 ሜትሩ ከፍታ የሞተር ጉልበት በ3 በመቶ ይቀንሳል። በዚህ ሒሳብ በፋብሪካው ወረቀት ላይ 12 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ሞተር እኛ ዘንድ የሚኖረው 9 ገደማ ነው። በወሊሶና በአምቦ መካከል ወዳለው ወደ ወንጪ ሐይቅ ለመውጣት ለሚያስብ፣ መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሚወጣ፣ ጉልበቱ ከዚህም ያንሳል። የጅማው መንገድ ደግሞ ሌላ ፈተና አለው። ወደ ግቤ ሸለቆ እስከ 1,100 ሜትር ገደማ ይወርድና እንደገና ሽቅብ ይወጣል።

ታዲያ ስንት ሲሲ ይበቃል? ሁለት ሰው ይዞ በአስፋልት እስከ ወሊሶ ወይም እስከ አምቦ ለመመላለስ፣ ክብደቱ ከልኩ ካላለፈና በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ብዙ መብለጥ ካልተፈለገ፣ ጤነኛ የሆነ 150 ሲሲ ሊበቃ ይችላል። እስከ ጅማ ለመዝለቅ ለሚፈልጉ ከ200 እስከ 250 ሲሲ የሆነው ይመረጣል፤ ዳገት ላይ ከባድ መኪና ለማለፍ የሚያስችል ትርፍ ጉልበት አለውና። ከዚያ በላይ ያለው ትልቅ ሞተር ጉልበቱ ደግ ቢሆንም ክብደቱ 200 ኪሎና ከዚያም በላይ ይሆናል። ከኋላ ሰው ተቀምጦ በጭቃ ላይ ቢያዘነብል ነጂው በእግሩ ደግፎ ሊይዘው አይችልም። ስለዚህ ነጂው በተቀመጠበት የሁለቱም እግሮቹ መዳፍ መሬት መርገጡን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ነዳጁን ስናይ፣ አንድ 150 ሲሲ ሞተር ብስክሌት ሁለት ሰው ይዞ በ100 ኪሎ ሜትር 3 ሊትር ያህል ይፈጃል። 11 ሊትር በሚይዝ ሳልባትዮ ወሊሶ ደርሶ መመለስ ይቻላል። ለጅማ ግን ወልቂጤ ላይ መሙላት ብልህነት ነው።

በአሁኑ ጊዜ የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌቶችም በከተማችን እየታዩ ነው። ጭስ የላቸውም፤ ለከተማ ውስጥ ሥራም ተስማሚ ናቸው። ለረጅም ጉዞ የሚገዛቸው ሰው ግን በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ርቀት ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ተቀምጦ በሜዳ ላይ የተለካ መሆኑን ማወቅ አለበት። ሁለት ሰውና ዳገት ሲጨመር ርቀቱ በብዙ ያጥራል፤ ባትሪውን በመንገድ ላይ ለመሙላትም ሰዓታት ይወስዳል።

ከኋላ ሆኖ መመርመር

ከዚህ ቀጥሎ ምርመራው የተፈናጣጯ ነው። ሞተር ብስክሌቱ በቆመበት ወጥታ ትቀመጥበትና ቢያንስ አሥር ደቂቃ ትቆይ። መቀመጫው ሰፊና ጠፍጣፋ ይሁን። እግሯን መርገጫው ላይ ስታሳርፍ ጉልበቷ ብዙ አይጠፍ። ከኋላዋ ወይም ከጎኗ የምትይዘው ጠንካራ እጀታ ይኑር። የነጂውን ወገብ ብቻ ይዞ መቶ ኪሎ ሜትር መጓዝ ሁለቱንም ያደክማል።

ቀጥሎ ማርሚታው ይታይ። በብዙ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ማርሚታው የሚያልፈው በቀኝ እግር አጠገብ ነው። መከላከያ ቆርቆሮ ከሌለው ባት ያቃጥላል። ይህን ጠባሳ የያዙ እህቶች ጥቂት አይደሉም። ሲወርዱም በግራ በኩል መውረድን ማዘውተር ይገባል።

ከሁሉ ይበልጥ ግን ልብስ ያሳስባል። የነጠላ ጫፍ፣ የሻሽ ዘርፍ ወይም ሰፊ ቀሚስ በሰንሰለቱ ወይም በኋላው ጎማ ሽቦዎች ከተያዘ በቅጽበት ይጠቀለላል፤ የለበሰችውንም ሴት ከመቀመጫዋ ጎትቶ ሊጥላት፣ አንገቷንም ሊያንቃት ይችላል። በሕንድ አገር ሴቶች ሳሪ ለብሰው ስለሚፈናጠጡ በዚያ የሚሠሩ ብዙ ሞተር ብስክሌቶች በኋላው ጎማ ጎን የብረት መከላከያ አላቸው። ወደ አገራችን ከገቡት ባጃጅና ቲቪኤስ ሞተር ብስክሌቶች በአንዳንዶቹ ላይ ይህ ብረት ይታያል። አንዳንድ ጎረምሶች «አያምርም» እያሉ ያስፈቱታል። እኛ ግን እናቶችን የምንመክረው ይህ መከላከያና የሰንሰለት መሸፈኛው መኖራቸውን ሳያዩ እንዳይስማሙ ነው። ያም ሆኖ ለረጅም ጉዞ ነጠላው በቦርሳ ይቀመጥ፣ ሱሪ ይለበስ፣ እግር በግራና በቀኝ ተከፍሎ ይቀመጥ። ወደ አንድ ጎን ዞሮ መቀመጥ ለሰፈር መንገድም አደገኛ ነው፤ ለወሊሶማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው።

ፍሬን፣ ጎማና አሞርዛተር

የፊቱ ፍሬን ዲስክ ቢሆን ይመረጣል። ጎማው እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው ኤቢኤስ የተባለው መሣሪያ ካለው ደግሞ የተሻለ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ያለማቋረጥ መያዝ ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ይሰንፋል። ነጂው በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዝለት ማድረግ አለበት። ተፈናጣጯ ይህን ማወቋ ይጠቅማታል፤ የሞተሩ ድምፅ ሲጮህ «ምን ሆነ?» ብላ አትደነግጥም።

አሞርዛተሩ ሁለት ሰው ሲቀመጥበት መሬት እስኪነካ የሚሰምጥ ከሆነ ለጉዞው አይሆንም። የሚጠብቅና የሚላላ ከሆነ ለሁለት ሰው መጥበቅ አለበት። የጎማው አየርም ለሁለት ሰው ከፍ እንዲል የመመሪያ መጽሐፉ ያዛል፤ ልኩን ለጎሚስታው መንገር ነው። ኋላው ሲከብድ የፊቱ መብራት ወደ ሰማይ ቀና ስለሚል መብራቱም ይስተካከል። ከመነዳሪ ያለው ጎማ ሲበሳ በቶሎ ይተነፍሳል፤ ያለ ከመነዳሪ የሚሠራው ግን ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ስለሚተነፍስ ለማቆም ጊዜ ይሰጣል።

አሮጌ ሲገዛ

አዲስ ለመግዛት አቅም የማይፈቅድለት ሰው ያገለገለ ቢገዛ ክፋት የለውም። ነገር ግን ማልዶ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ሄዶ ያስነሣው። አሙቆ የሚጠብቅ ሻጭ የሚደብቀው ነገር ሊኖረው ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እየበላ ነው። የላላና ጥርሱ የሾለ ሰንሰለት መቀየር አለበት። የፊት ሹካው ዘይት ካላበው ጎሚኑ አልቋል ማለት ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሮቹ በሊብሬው ላይ ከተጻፉት ጋር አንድ በአንድ ይመሳከሩ። በመጨረሻም ሁለቱም ተቀምጠው ዳገት ላይ ይሞከር፤ ብቻውን ሲነዱት እንደ ሚዳቋ የሚዘል፣ ሁለተኛ ሰው ሲቀመጥበት የሚያቃስት ሞተር ብዙ ነው።

መለዋወጫው በመርካቶ ሶማሌ ተራ በቀላሉ የሚገኝ፣ የወልቂጤም መካኒክ የሚያውቀው ዓይነት ቢሆን ይበጃል። ያማረና ብርቅ የሆነ ሞተር ብስክሌት በመንገድ ላይ ሲሰበር ብርቅነቱ ምንም አይረዳም።

የወረቀቱ ጉዳይም አይዘንጋ። በአዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ ገደብ ተደርጎበት በፈቃድ እንዲሆን መወሰኑ ይታወሳል። ስለሆነም ገንዘብ ከመክፈል በፊት ለግል አገልግሎት ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ መጠየቅ የግድ ነው። ነጂውም የሞተር ብስክሌት መንጃ ፈቃድ ያለው ይሁን። ኢንሹራንስ ሲገባ ደግሞ አንድ ጥያቄ በግልጽ ይቅረብ፦ «አደጋ ቢደርስ ከኋላ የተቀመጠችው ሚስቴ ትካሳለች ወይስ አትካስም?» መልሱም በጽሑፍ ይሁን።

ሁለት የራስ ቁር፣ ሁለት ሰው ብቻ

የሞተር ብስክሌት ዋጋ ሲታሰብ የሁለት የራስ ቁር ዋጋ አብሮ መታሰብ አለበት። ብዙ ጊዜ ጥሩው ለነጂው ይገዛና ለሚስት የተሰነጠቀና ማሰሪያው የተበጠሰ ይሰጣታል። የብዙ አገሮች ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ የራስ ቁር የሞትን አደጋ 42 በመቶ፣ የጭንቅላትን ጉዳት 69 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ታውቋል። ይህ ጥቅም ግን የሚገኘው ልክ ከሆነና ማሰሪያው ከተቆለፈ ነው። ፀጉር ተሠርታ የምትሄድ እህት ሹሩባዋን ዝቅ አድርጋ ትሠራ፤ በጉብታ ላይ የተቀመጠ ቁር አይጠብቅም።

አሁን የምንናገረው ለብዙ እናቶች ይከብድ ይሆናል፤ ቢሆንም መነገር አለበት። ሞተር ብስክሌት የተሠራው ለሁለት ሰው ነው። ሕፃን አዝሎ መፈናጠጥ፣ ልጅን በባልና በሚስት መካከል ማስቀመጥ ወይም ከፊት በሳልባትዮ ላይ ማሳፈር በየመንገዱ የምናየው ነገር ቢሆንም ለልጁ ምንም መከላከያ የሌለው አደጋ ነው። ሲወድቁ የሕፃኑ ራስ ነው መሬት የሚመታው። እግሩ መርገጫው ላይ የማይደርስ ልጅ በሞተር ብስክሌት ረጅም ጉዞ መሄድ የለበትም። ነፍሰ ጡር እናትም እንደዚሁ። አያቱ የልጅ ልጃቸውን ማየት ከናፈቁ ያን ዕለት ቤተሰቡ በአውቶቡስ ይሂድ፤ ሞተር ብስክሌቱ ቤት ይዋል።

ጉዞው ሲጀመር ሁለቱ የሚግባቡበት ምልክት ይኑራቸው። ትከሻን አንድ ጊዜ መንካት «ቀስ በል»፣ ሁለት ጊዜ መንካት «አቁም» ሊሆን ይችላል። በጠመዝማዛ ላይ ተፈናጣጯ ከነጂው ጋር አብራ ታዘንብል እንጂ ወደ ተቃራኒው አትሳብ። በየሰዓቱ ወርዶ እግር ማፍታታት ያስፈልጋል። ጧት ተነሥቶ በፀሐይ መግባት እንጂ በማታ መጓዝ አይመከርም፤ በጨለማ ከብትና አህያ መንገድ ላይ ይቆማሉ፣ የከባድ መኪና መብራትም ዓይን ያሳውራል።

ከላይ የጠቀስናቸው ባልና ሚስት ቀብዱን ሳይከፍሉ ቀሩ። ሦስት ሳምንት ፈልገው መቀመጫው ሰፊ፣ የጎማ መከላከያው ያልተፈታ 150 ሲሲ ገዙ። ከዋጋው የተረፈው ሁለት አዲስ የራስ ቁርና ሁለት የዝናብ ካፖርት ሆነ። ባል አሁንም ያ ትልቅ ሞተር ባለፈ ቁጥር ዞር ብሎ ማየቱን አልተወም። ሚስት ግን በየወሩ እናቷ ዘንድ ትደርሳለች።

እናቶቻችን መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው፣ ድስት ከተጣደ በኋላ ማልቀስ አይረባም ይላሉ። ሞተር ብስክሌት የሚመጠነው በፊተኛው ሰው ምኞት ብቻ መሆን የለበትም። ተፈናጣጯ ተቀምጣበት፣ ሞክራው፣ «ይሁን» ያለችው ሞተር ብስክሌት ሁለቱንም በደኅና አድርሶ ይመልሳል። «ይሁን» ካላለች ግን ቀብዱ ይቆይ።